የተሰነጠቀ ጥርስ ታሪክ፦ ጉጠቱ ለማን ቀረ?

ጆርጅ ዋሽንግተን ኤፕሪል 30 ቀን 1789 በኒውዮርክ ከተማ የአሜሪካ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ሆኖ ቃለ መሐላ ሲፈጽም በአፉ ውስጥ የቀረው የራሱ ጥርስ አንድ ብቻ ነበር። ምክትሉ የነበረው ጆን አዳምስ ጥፋቱን ያላከከው በለውዝ ነው። ዋሽንግተን በወጣትነቱ የብራዚል ለውዝን ድንጋይ የሚያህል ቅርፊት በጥርሱ እየሰበረ ይበላ ነበር፣ ጥርሱንም የጨረሰው ይኸው ነው ይል ነበር። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ቆሎ ሲቆረጥም ጠጠር የገጠመው፣ በበዓል ማግስት አጥንት ሲግጥ ከገዛ አፉ "ቀጭ" የሚል ድምፅ የሰማ ሰው ይህን ለመረዳት የታሪክ መምህር አያስፈልገውም። ልዩነቱ ከድምፁ በኋላ ያለው ምርጫ ነው። ዋሽንግተን ገና በሃያዎቹ ዕድሜ ሳለ በ1756 አንድ ጥርሱን ለማስነቀል 5 ሺሊንግ ከፈለ። ከዚያም ሌላውን፣ ከዚያም ሌላውን። በዘመኑ ከነበሩት ሀብታሞች አንዱ ቢሆንም ገንዘቡ የሚገዛለት ነገር ቢኖር የነቃዩን እጅ ብልሃትና የሰው ሠራሽ ጥርሱን ጥራት ነበር። ያ ሰው ሠራሽ ጥርስ በተለምዶ እንደሚወራው ከእንጨት የተሠራ አልነበረም። ከጉማሬ ጥርስ ተጠርቦ የሰው ጥርስ የተተከለበት ነው።

የሰው ጥርስ ከየት ይመጣል? በግንቦት 1784 የዋሽንግተን ርስት የሒሳብ መዝገብ ላይ አንድ አጭር ወጪ ሰፍሯል። ለጥቁሮች፣ ማለትም በርስቱ ላይ በባርነት ለነበሩት፣ ለዘጠኝ ጥርስ 6 ፓውንድ ከ2 ሺሊንግ ተከፍሏል፤ ከወጪው ጎን የተጻፈው ስም የዋሽንግተን ፈረንሳዊ የጥርስ ሐኪም ነው። የአንዱ ጥርስ ሲሰነጠቅ የሌላው ጤነኛ ጥርስ ተነቀለ ማለት ነው። የጥርስ ሕክምና ታሪክ ብዙውን ጊዜ የመሣሪያዎችና የፈጠራዎች ታሪክ ሆኖ ይተረካል። የዚህን መዝገብ መስመር ያየ ግን ሌላ ጥያቄ ከአእምሮው አይወጣም፤ ማን ጥርሱ ይድናል፣ ማንስ ይነቀላል?

ጥርስ ከአጥንት የሚለይበት አንድ መራራ ነገር አለ። የተሰበረ እጅ በወጌሻ ታስሮ ሲሰነብት ይገጥማል፤ አጥንት ሕያው ስለሆነ ራሱን ይጠግናል። የጥርስ ውጫዊ ሽፋን፣ ኢናሜል የሚባለው፣ በሰውነታችን ካለው ነገር ሁሉ ጠንካራው ነው፤ ነገር ግን ሕይወት ያለው ህዋስ የለውም። አንዴ ከተሰነጠቀ አይገጥምም። ከሥሩ ያለው ዴንቲን ፈሳሽ የሞላባቸው እጅግ ጥቃቅን ቱቦዎች አሉት። ሰው ሲነክስ ስንጥቁ ይከፈታል፣ ንክሻውን ሲለቅ ይዘጋል፣ ፈሳሹም ይንቀሳቀሳል፤ ከመሃል ያለው ነርቭ በዚህ ጊዜ እንደ ኤሌክትሪክ ይነዝራል። ስለዚህ የተሰነጠቀ ጥርስ ልዩ ምልክቱ ሲነክሱ ሳይሆን ንክሻውን ሲለቁ የሚመጣ ቅጽበታዊ ሕመም ነው። ቀዝቃዛ ውኃም ያስጮኻል። ቀሪው ጊዜ ግን ሰላም ነው። ታማሚው "የትኛው ጥርስ ነው?" ሲባል በትክክል ማሳየት ያቅተዋል፤ ላይኛውን ነው ታችኛውን ነው እያለ ይንከራተታል። ጊዜ ሲያልፍ በስንጥቁ ባክቴሪያ ይገባል፣ ነርቩ ይቆስላል፣ መግል ይቋጥራል።

ለዚህ ችግር የሰው ልጅ ለሺህ ዓመታት የነበረው መልስ አንድ ነው፤ መንቀል። በመካከለኛው ዘመን አውሮፓ ጉጠቱን የያዘው ፀጉር አስተካካዩ ወይም በገበያ ቀን መድረክ ሠርቶ የሚጮኸው ተዘዋዋሪ ነቃይ ነበር። ሥልጣንም ከዚህ አላዳነም። የፈረንሳዩ ሉዊ 14ኛ በ1685 የላይ መንጋጋ ጥርሶቹን ሲያስነቅል ሐኪሞቹ የላንቃውን አጥንት አብረው ገነጠሉት፤ ከዚያ ወዲያ የሚጠጣው ነገር በአፍንጫው ይወጣ ነበር፣ ቀዳዳው እስኪዘጋም በጋለ ብረት ደጋግመው ተኮሱት። በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተስፋፋው የጥርስ ቁልፍ የሚባለው መሣሪያ ደግሞ እንደ በር ቁልፍ ጥርሱን ይዞ የሚጠመዝዝ ነበር። ጤነኛ ጥርስ እንኳ በዚህ ቁልፍ ይሰበራል። የተሰነጠቀው ደግሞ ገና ሲነካ ይፈረካከስና ሥሩ በድድ ውስጥ ይቀራል። የተሰነጠቀ ጥርስ ያለው ሰው ሥቃዩን ሁለት ጊዜ ይከፍል ነበር ማለት ነው፤ አንዴ ለላዩ፣ አንዴ ለሥሩ።

በእኛም ቋንቋ አንድ ሙያ ውስጥ ያረጀን ሰው "በዚህ ሥራ ጥርሱን የነቀለ" እንላለን። አነጋገሩ መንቀልን ከዕድሜና ከልምድ ጋር አስተሳስሮታል። ከዚህ የከፋው የሕፃናቱ ነው። ሕፃን ሲያተኩሰውና ሲያስቀምጠው "ግግ ነው" ተብሎ ገና ያልወጣው የወተት ጥርስ በስለት ተቆፍሮ ይወጣ ነበር፤ ዛሬም በየቦታው አልጠፋም። አውሮፓውያንም ቢሆኑ ለረጅም ዘመን ጥርስን የሚበላው በውስጡ የሚኖር ትል ነው ብለው ያምኑ ነበር። ጠላት ከውስጥ ካለ ቤቱን ማፍረስ ነው፤ የሁለቱም እምነት አመክንዮ ይኸው ነው።

ይህን አመክንዮ በጽሑፍ የሞገተው ፒየር ፎሻር ነው። ፎሻር በ1728 በፓሪስ ባሳተመው ባለ ሁለት ቅጽ መጽሐፉ በማጉያ መነጽር ፈልጌ ትል አላገኘሁም አለ፤ የተበላሸውን ክፍል ጠርጎ ቀዳዳውን በእርሳስ፣ በቆርቆሮ ወይም በወርቅ መሙላትን አስተማረ፤ ላዩ የተሰበረ ጥርስን ሥሩን ሳይነቅሉ በላዩ ሰው ሠራሽ ጥርስ መትከልን ገለጸ። ትልቁ ድፍረቱ ግን ሌሎች እንደ ሙያ ምሥጢር ደብቀው የሚይዙትን ለሁሉም መጻፉ ነው። ጥርስን ማዳን ይቻላል የሚለው ሐሳብ በዚህ መጽሐፍ ሙያ ሆነ። ደንበኞቹ ግን የፓሪስ ባላባቶች ነበሩ።

ቀጥሎ የመጣው የማደንዘዣ ታሪክ ብዙ ጊዜ የድል ታሪክ ሆኖ ይነገራል። በዲሴምበር 1844 በሃርትፎርድ ከተማ ሆራስ ዌልስ የተባለ የጥርስ ሐኪም "የሳቅ ጋዝ" ተነፍሶ የገዛ ጥርሱን አስነቀለ። በ1846 ዊልያም ሞርተን የተባለው የቀድሞ የሥራ ባልደረባው በቦስተን ኤተርን ለዓለም አሳየ። ዌልስ ክብሩን ሳያገኝ በ1848 የራሱን ሕይወት አጠፋ። ብዙ ተራኪዎች የሚዘሉት ነገር ቢኖር ማደንዘዣው መጀመሪያ ያበዛው ማዳንን ሳይሆን መንቀልን መሆኑ ነው። ሥቃዩ ሲቀር ሰው ጥርሱን በሙሉ በአንድ ቀን ለማስነቀል ደፈረ። በዚያው ሰሞን ከጎማ ዛፍ የሚሠራ ጠንካራ ጎማ ለሰው ሠራሽ ጥርስ መቀመጫነት ዋለና ዋጋው ረከሰ። የጎማው የባለቤትነት መብት የነበረው ኩባንያ ፈቃድ ሳይከፍል የሚሠራውን የጥርስ ሐኪም ሁሉ ከግዛት ግዛት እየተከተለ ሲከስስ ኖረ። ነገሩ ያበቃው በደም ነው፤ የኩባንያው ገንዘብ ያዥ በ1879 በሳን ፍራንሲስኮ አንድ የተከሰሰ የጥርስ ሐኪም ተኩሶ ገደለው።

መሙላቱም ቢሆን ያለ ጣጣ አልነበረም። በ1833 ክራውኮር የሚባሉ ወንድማማቾች ከአውሮፓ ኒውዮርክ ገብተው የብር ሳንቲም ፍቅፋቂን ከሜርኩሪ (ከባዜቃ) ጋር ለውሰው ጥርስ መሙላት ጀመሩ። ከወርቅ እጅግ የረከሰና ፈጣን ነበር፣ ሰውም ጎረፈላቸው። ችግሩ ድብልቁ ሲደርቅ ማበጡ ነው። ሲያብጥ ጥርሱን ከውስጥ ገፍቶ ይሰነጥቀዋል። ጥርስ ሊያድን የገባው ሙሌት ጥርስ ሰነጠቀ። በወርቅ የሚሞሉት ሐኪሞች ጦርነት አወጁ። በ1840 የተቋቋመው የአሜሪካ የጥርስ ቀዶ ሐኪሞች ማኅበር አባላቱን አማልጋም አንነካም ብለው እንዲፈርሙ አስገደደ፤ ብዙዎች እምቢ አሉ፤ ማኅበሩም በ1856 ፈረሰ። የማኅበሩ ሙግት ግማሹ እውነት፣ ግማሹ የኪስ ጉዳይ ነበር ማለት ይቻላል። የማበጡን ችግር ለኩቶ በ1890ዎቹ መጠኑን ያስተካከለው የቺካጎው ግሪን ቫርዲማን ብላክ ነው። ይሁንና እስከ ዛሬ ድረስ በብዛት የሚሰነጠቀው ትልቅ አሮጌ ሙሌት ያለበት መንጋጋ ጥርስ ነው፤ መሃሉ የተቦረቦረ ግድግዳ እንደማለት ነው።

የተሰነጠቀን ጥርስ ለማቆየት ሁለት ነገር ያስፈልጋል። የቆሰለውን ነርቭ ማውጣትና ግማሾቹን አንድ ላይ ማሰር። የመጀመሪያው የተጀመረው በሰዓት ሞላ ነው፤ ኤድዋርድ ሜይናርድ በ1838 የሰዓት ሞላ ሞርዶ ከጥርስ ሥር ውስጥ ነርቭ የሚያወጣ ቀጭን መሣሪያ ሠራ። በ1864 ሳንፎርድ ባርነም ምራቅ እንዳይገባ ጥርሱን በቀጭን የጎማ ጨርቅ ለይቶ መሸፈንን አመጣ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ የጸዳውን ሥር በጉታ ፔርቻ መሙላት ተጀመረ። ጉታ ፔርቻ ከማላያ ደሴቶች ዛፍ የሚወጣ ሙጫ ነው። በዚያው ዘመን ውቅያኖስ አቋርጦ የሄደው የቴሌግራፍ ገመድ የተሸፈነው በዚሁ ሙጫ ነበር። ገመዱ ከተረሳ ቆየ፤ የጥርስ ሥር ግን ዛሬም የሚሞላው በእሱ ነው።

ሁለተኛው ማሰሪያው ነው። የተሰነጠቀ ሙቀጫ በብረት ቀለበት ተጠፍሮ ዓመታት እንደሚያገለግለው ጥርስንም ከላይ እስከ ድድ የሚያለብሰው ሽፋን፣ ክራውን የሚባለው፣ ግማሾቹ ሲነክሱ እንዳይራራቁ ይይዛቸዋል። በዲትሮይት ቻርልስ ላንድ የሸክላ ክራውን ሠራ (የልጁ ልጅ አትላንቲክን ብቻውን በአውሮፕላን ያቋረጠው ቻርልስ ሊንድበርግ ነው)። ዊልያም ታጋርት በ1907 ሰም ቀርጾ፣ ሰሙን አቅልጦ፣ በቦታው ወርቅ አፍስሶ በልክ የሚገጥም ሥራን ለሙያው አስተዋወቀ። የነርቩም የማሰሪያውም መፍትሔ ተገኘ። የተሰነጠቀ ጥርስ ቢያንስ ገንዘብ ላለው የሞት ፍርዱ የተነሳለት መሰለ።

ከዚያ ነገሩ ወደ ኋላ ሄደ። በ1910 ዊልያም ሀንተር የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም በሞንትሪያል ማክጊል ዩኒቨርሲቲ ንግግር አደረገ። በወርቅ ክራውንና ድልድይ ሥር የታፈነ ቁስል ደምን ይመርዛል፣ ለልዩ ልዩ በሽታ መንሥኤ ነው አለ። የተናገረው ነገር ጭብጥ አልነበረውም አይባልም፤ የዘመኑ ብዙ ሥራ ቆሻሻ ነበር። ሙያው የወሰደው ትምህርት ግን "ሥራችንን እናጽዳ" ሳይሆን "እንንቀል" ሆነ። ለሃያና ለሠላሳ ዓመት በአሜሪካና በእንግሊዝ ለቁርጥማት፣ ለሆድ ሕመም፣ ለድካም እየተባለ ጤነኛ ጥርስ ሳይቀር ተነቀለ። የጥርስ ሥር ሕክምና ከብዙ ትምህርት ቤቶች ወጣ። የዚህ ጫፉ በኒው ጀርሲ የትሬንተን የአእምሮ ሆስፒታል ነው። የሆስፒታሉ ኃላፊ ሄንሪ ኮተን እብደት የሚመጣው ከታፈነ ቁስል ነው ብሎ የሕሙማኑን ጥርስ አስነቀለ፤ ጥርስ ሲያልቅ ቶንሲል፣ ቀጥሎ አንጀት። ብዙዎች በቀዶ ሕክምናው ሞቱ። ሰውየው ቅን አማኝ ነበር ይባላል፤ የገዛ ልጆቹንና የራሱንም ጥርስ አስነቅሏል። በትሬንተን የተነቀሉት ግን እምቢ ማለት የማይችሉ ሰዎች ነበሩ።

ራጅም በዚህ ውስጥ የነበረው ሚና የሚያስገርም ነው። ሮንትገን ግኝቱን ይፋ ካደረገ ሳምንታት እንኳ ሳይቆጠሩ በጃንዋሪ 1896 ጀርመናዊው ኦቶ ቫልኮፍ የራሱን ጥርስ ራጅ አነሳ፤ 25 ደቂቃ ሳይንቀሳቀስ ተቀምጦ። ራጅ በሥር ጫፍ የተቋጠረን መግል ያሳያል፤ ለነቃዮቹም ማስረጃ ሆነላቸው። ስንጥቅን ግን አብዛኛውን ጊዜ አያሳይም። የመንጋጋ ጥርስ የሚሰነጠቀው ብዙ ጊዜ ከፊት ወደ ኋላ ስለሆነ ጨረሩ ስንጥቁን በጎኑ ይመታውና ምስሉ ላይ ምንም አይታይም። "ራጁ ንጹሕ ነው፣ ምንም የለብህም" ተብሎ እያመመው የተመለሰ ሰው በየአገሩ ብዙ ነው።

እንግዲህ ይህ ሁሉ ሲሆን በሽታው የራሱ ስም እንኳ አልነበረውም። ጊብስ የተባለ ሐኪም በ1954 የጥርስ ጫፍ ስብራት ስለሚያመጣው ሕመም ጻፈ። በ1964 ካሪል ካሜሮን የተባለ አሜሪካዊ የጥርስ ሐኪም ምልክቶቹን ሰብስቦ "የተሰነጠቀ ጥርስ ሕመም" የሚል ስም ሰጣቸው። በብዛት የሚሰነጠቀው የታችኛው ሁለተኛ መንጋጋ ጥርስ መሆኑንም አስተዋለ። ለውዝ መስበሪያ ጉጠት ላይ ፍሬው ወደ ማጠፊያው ሲጠጋ ኃይሉ እንደሚበረታ፣ ወደ አገጭ መጋጠሚያው የቀረበ ጥርስም የበለጠ ጫና ይሸከማል።

ለምን 1964? ሰው ጥርሱን መሰንጠቅ የጀመረው ያኔ አይደለም። ከዚያ በፊት ግን የሚያም መንጋጋ ጥርስ ስለሚነቀል ስንጥቁ አብሮ ባልዲ ውስጥ ይገባ ነበር። ፍሎራይድ በውኃ ውስጥ በ1945 በግራንድ ራፒድስ ተጀምሮ፣ መሙላትም ተሻሽሎ ሰዎች ጥርሳቸውን ይዘው ሃምሳና ስድሳ ዓመት መድረስ ሲጀምሩ ነው ስንጥቅ እንደ በሽታ የታየው። በሽታ ስም የሚያገኘው ከመንቀል ሌላ የሚደረግለት ነገር ሲኖር ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። የማይታከም ነገር ምን ስም ያስፈልገዋል?

ዛሬ ሐኪሞቹ ስንጥቅን በአምስት ደረጃ ይለያሉ። በብዙ አዋቂ ሰው ጥርስ ላይ የሚታየው የኢናሜል ጭረት ምንም አያሻውም፤ ሊያስፈራም አይገባም። ከጥርሱ ጫፍ አንዱ ጥግ ከተሰበረ በሙሌት ወይም በክራውን ይጠገናል፤ ነርቩ ብዙ ጊዜ አይነካም። የፊት ጥርስ ከሆነና ቁራጩ ከተገኘ እሱኑ መልሶ መለጠፍ ይቻላል። ይህ የሆነው ማይክል ቦኖኮር በ1955 ኢናሜልን በፎስፎሪክ አሲድ በማሻከር ማጣበቂያ እንዲይዝ ማድረግ እንደሚቻል ካሳየ በኋላ ነው። ስለዚህ ኳስ ሜዳ ላይ የልጁ ጥርስ የተሰበረበት ወላጅ ቁራጩን አይጣለው፤ በወተት ወይም በውኃ አርጥቦ ይውሰደው።

ዋናው ጭንቅ ሦስተኛው ነው፤ ከላይ ጀምሮ ወደ ሥር የሚወርድ ነገር ግን ገና ያልተገነጠለ ስንጥቅ። ሐኪሙ ጥርሱን ጫፍ በጫፍ እንጨት ያስነክሳል፣ መብራት በጎን ያበራል (ብርሃኑ ስንጥቁ ጋ ሲደርስ ይቆማል)፣ ቀለም ይቀባል፣ ካለው በማይክሮስኮፕ ያያል። ነርቩ ደህና ከሆነ ክራውን ብቻ ሊበቃ ይችላል። ነርቩ ከቆሰለ የሥር ሕክምና ተደርጎ ክራውን ይለብሳል። ብዙ ሐኪም መጀመሪያ በቀጭን የብረት ቀለበት ጥርሱን አስሮ ሕመሙ ይቀንስ እንደሆነ ለሳምንታት ያያል። ዋስትና የለም፤ ስንጥቁ የጥርሱን ወለል ካቋረጠ የተደከመበት ሁሉ ሊከሽፍ ይችላል። ጊዜ ወሳኝ የሚሆነውም እዚህ ነው፤ ዛሬ በክራውን የሚያዝ ስንጥቅ ሲዘገይ አራተኛው ደረጃ ይሆናል። ያን ጊዜ ጥርሱ ለሁለት ተከፍሏል፣ ግማሾቹ በየፊናቸው ይነቃነቃሉ፣ ዕጣው በአብዛኛው መነቀል ነው። አምስተኛው ከሥር ጀምሮ ወደ ላይ የሚወጣ ስንጥቅ ሲሆን አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው ቀድሞ የሥር ሕክምና ባገኘ ጥርስ ላይ ነው። እሱም ይነቀላል፤ ጥርሱ ብዙ ሥር ካለው አንዳንዴ የተሰነጠቀውን ሥር ብቻ ቆርጦ ማውጣት ይቻላል።

ለተነቀለውም ቢሆን ተተኪ አለ። ስዊድናዊው ፔር ኢንግቫር ብሮኔማርክ በ1952 በጥንቸል አጥንት ውስጥ የተከለውን የቲታኒየም መሣሪያ ሊያወጣ ሲል አጥንቱ ይዞ እንቢ አለው። ከዚህ ተነስቶ በ1965 የመጀመሪያውን በሽተኛ አከመ፤ በሽተኛው በ2006 እስኪሞት ድረስ ከአርባ ዓመት በላይ በዚያ ኢምፕላንት አኝኳል።

መፍትሔው እንግዲህ አለ። ጥያቄው የሒሳቡ ነው። እንግሊዝ በጁላይ 1948 ብሔራዊ የጤና አገልግሎቷን ስትከፍት የጥርስ ሕክምና በነጻ ሆነ፤ ለዓመታት በጉንጩ ጨርቅ አስሮ የኖረ ሕዝብ ወደ ክሊኒኮች ጎረፈ፤ በሚሊዮን የሚቆጠር ሰው ሠራሽ ጥርስ ታደለ። ወጪው መንግሥትን አስደነገጠ። በ1951 ለኮሪያ ጦርነት መሣሪያ ገንዘብ ሲፈለግ የሰው ሠራሽ ጥርስና የመነጽር ግማሽ ዋጋ በሕዝቡ ላይ ተጣለ፤ በዚያ ዓመት ሊገኝ የታሰበው 13 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ ነበር። አገልግሎቱን የመሠረተው አኑሪን ቤቫን በዚህ ምክንያት ከካቢኔው ለቀቀ። ጥርስ ሚኒስትር አሰናበተ። ሆኖም ክፍያ ተጨመረም ተቀነሰም አገልግሎቱ ቀጠለ። በ1968 በእንግሊዝና ዌልስ ከአዋቂዎች 37 በመቶው አንድም የራሱ ጥርስ አልነበረውም። በ2009 በእንግሊዝ ይህ ቁጥር 6 በመቶ ነበር። የሕዝቡ ጥርስ በተፈጥሮው አልጠነከረም፤ ጉጠቱ ሌላ አማራጭ አገኘ።

አሜሪካ በሌላ መንገድ ሄደች። በ1965 ለአረጋውያን የጤና ዋስትና ስትደነግግ መደበኛ የጥርስ ሕክምናን ከሕጉ አወጣች። በ2007 በሜሪላንድ፣ ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩበት በዚያው ግዛት፣ አንድ የ12 ዓመት ልጅ ከታመመ ጥርሱ ተነስቶ ወደ አንጎሉ በተዛመተ ቁስል ሞተ። ጥርሱን ለማስነቀል የሚበቃው 80 ዶላር ነበር። እዚያ ያሉ ወገኖቻችን ለክራውን የሚጠየቁትን ዋጋ ከአውሮፕላን ቲኬት ጋር አነጻጽረው አዲስ አበባ መጥተው መታከማቸው ቀልድ አይደለም፤ ሒሳቡ ትክክል ስለሆነ ነው።

እዚህስ? የዓለም ጤና ድርጅት ባወጣው መረጃ በአፍሪካ ቀጣና ለ100,000 ሰው ያለው የጥርስ ሐኪም በአማካይ 3.3 ነው፤ የዓለም አማካይ 32.8 ነው። በወንጂና በሌሎች የስምጥ ሸለቆ አካባቢዎች ደግሞ የጉድጓድ ውኃው ፍሎራይድ በዝቶበት የልጆችን ጥርስ ያበላሻል፤ ሲብስ ኢናሜሉ ይቦረቦራል፣ በቀላሉም ይሸረፋል። አብዛኛው ታማሚ በጉንጩ ቅርንፉድ ይዞ ይሰነብታል። ቅርንፉዱ ከንቱ አይደለም፤ የሚያደነዝዘው ዩጀኖል የተባለው ዘይቱ የጥርስ ሐኪሞችም ለጊዜያዊ ሙሌት የሚጠቀሙበት ነው። ነገር ግን ስንጥቅ አይዘጋም። ሰውየው ክሊኒክ ሲደርስ ሁለት ዋጋ ይነገረዋል፤ የመንቀያና የሥር ሕክምና ከነክራውኑ። ሁለተኛው የመጀመሪያውን ብዙ እጥፍ ነው። "ንቀሉልኝ" ይላል፤ ካርዱ ላይም የበሽተኛው ምርጫ ተብሎ ይጻፋል። ምርጫ የሚለው ቃል እዚህ ቦታ ላይ ሐቀኛ አይደለም።

በጉጠቱና በክራውኑ መሃል ግን ሦስተኛ መንገድ አለ፤ በአገራችን የፖሊሲ ወሬ ውስጥ ብዙም አይሰማም። ነርቩ ገና ላልቆሰለ ስንጥቅ የጥርሱን ጫፎች በጥቂቱ ዝቅ አድርጎ ከላይ በሚጣበቅ ኮምፖዚት መሸፈን ይቻላል። ላቦራቶሪ አያስፈልገውም፤ በአንድ ቀጠሮ ያልቃል፤ ዋጋው ከክራውን ያንሳል። እንደ ክራውን ላይቆይ ይችላል፤ ሲያልቅ ግን ይታደሳል፣ የተነቀለ አይታደስም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 ፍሎራይድንና ግላስ አዮኖመር የተባለውን የጥርስ ሙሌት በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝሩ አካተተ። በ2023 ደግሞ ኮምፖዚትን ጨመረበት። አንድ የጤና ጣቢያ መድኃኒት ሲያዝ ከፓራሲታሞልና ከአሞክሲሲሊን ጋር ሊያዝዘው የሚገባ ዕቃ ሆነ ማለት ነው።